የሆቴል መታጠቢያ ገንዳ ለምን ያዳልጣል?

አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን እ.ኤ.አ. በ1962 ምድርን ሦስት ጊዜ ዞሮ በሰላም ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሴኔት ምርጫ በሚወዳደርበት ወቅት መታጠቢያ ቤት ውስጥ መስታወት ሲያስተካክል ወደቀና ጭንቅላቱ ከገንዳው ጋር ተጋጨ። የውስጠኛው የጆሮ ክፍሉ በመጎዳቱም ከውድድሩ ራሱን ለማግለል ተገደደ። ወደ ሴኔት የሚያስገባውን ምርጫ ያሸነፈው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው።

እንዲህ ያለው አደጋ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2008 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በመታጠቢያ ቤት የደረሱና በድንገተኛ ክፍል የታከሙ ጉዳቶች 234,094 እንደሚሆኑ ተገምቷል። ከእነዚህ 81 በመቶ ያህሉ የመውደቅ ውጤቶች ነበሩ። በየቤታችን የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ እግራችን ለምዶታል፤ በሆቴል ግን ገንዳውም ወለሉም አዲስ ነው። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» ከሚለው ምክር አልፈን፣ ከእግራችን ሥር የሚከናወነውን ነገር በፊዚክስ ዓይን እንመልከት።

ሰበቃና እርምጃ

ቀጥ ብለን ስንቆም ክብደታችን ወለሉን የሚጫነው ወደ ታች ነው። ከገንዳው ለመውጣት ስንራመድ ግን እግራችን ያዘነብላል፤ ወለሉንም ወደ ጎን ይገፋል። ይህን ግፊት ተቋቁሞ እግራችንን በቦታው የሚያቆየው የሰበቃ ኃይል ነው። ሰበቃው ሊቋቋመው የሚችለው ከፍተኛ የጎን ግፊት ወለሉን ወደ ታች ለሚጫነው ኃይል ሲካፈል የሰበቃ ኮፊሸንት ይባላል። ኃይሉ በእግራችን አቅጣጫ የሚተላለፍ ነው ብለን ብናስብ፣ እግራችን ከቀጥታ ያዘነበለበት አንግል ታንጀንት ከዚህ ቁጥር ሲበልጥ እንንሸራተታለን።

ለምሳሌ የእግራችን ርዝመት 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ኮፊሸንቱ 0.5 ቢሆን እግራችን እስከ 27 ዲግሪ ገደማ ሊያዘነብል ይችላል፤ ተረከዛችንም ከዳሌያችን ትክክል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ቢያርፍ አያዳልጠንም። ኮፊሸንቱ ወደ 0.1 ቢወርድ ግን የሚፈቀደው አንግል ከ6 ዲግሪ ያንሳል፤ ርቀቱም 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የገንዳን ግድግዳ በዚህ ዓይነት እርምጃ መሻገር እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ውኃው ለምን ቶሎ አይሸሽም?

ኮፊሸንቱን የሚያወርደው በእግራችንና በገንዳው መካከል የሚቀረው ስስ የውኃ ሽፋን ነው። በሁለት የላቦራቶሪ መስታወቶች መካከል አንድ ጠብታ ውኃ ጨምረን ብንጫናቸው፣ ወደ ጎን በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ ቀጥታ ለማላቀቅ ግን ያስቸግራሉ። በጨረር ሕጉ የምናውቀው የፊዚክስ ሊቅ ዮሴፍ ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1874 ያጠናው ይህንኑ መላቀቅ ነበር። የሥራው ቀመር ውኃ ተጨምቆ ለሚወጣበት ሁኔታም ያገለግላል። ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ውኃው ለመሳሳት የሚፈጅበት ጊዜ ለሚነካካው ክብ ገጽ ሬዲየስ ስኩዌር ርቱዕ ወደረኛ፣ ለመጨረሻው ውፍረት ስኩዌር ደግሞ ኢርቱዕ ወደረኛ ነው።

600 ኒውተን የሚመዝን ሰው ሬዲየሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ተረከዝ ላይ ቆሟል፣ ተረከዙም ገንዳውም ፍጹም ልሙጥ ናቸው እንበል። ውኃው ወደ 10 ማይክሮን ለመሳሳት 0.015 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ወደ 1 ማይክሮን ለመውረድ ግን 1.5 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። የሚያዳልጠው እግር ይህን ያህል አይጠብቅም። ሳሙና ሲጨመር ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል፤ የሳሙና ሞለኪውሎች በገጾቹ ላይ ተለጥፈው ውኃው ከሸሸ በኋላም የሚያንሸራትት ሽፋን ይተዋሉና።

መፍትሔው ከዚሁ ቀመር ይገኛል። ያንኑ ስፋት በ100 ትንንሽ ጉብታዎች ብንከፋፍለው የእያንዳንዱ ጉብታ ሬዲየስ አንድ አሥረኛ ስለሚሆን፣ 1.5 ሴኮንድ የነበረው ጊዜ ወደ 0.015 ሴኮንድ ይወርዳል። የመኪና ጎማ ጥርስ የሚበጅለትም ውኃው መሸሻ መንገድ እንዲያገኝ ነው።

የጎማ ምንጣፍና የአየር ግፊት

ብዙ ሆቴሎች በገንዳው ውስጥ የሚነጠፍ፣ ከሥሩ ትንንሽ ጎድጓዳ ጎማዎች ያሉት ምንጣፍ ያቀርባሉ። ምንጣፉን ከገንዳው ጋር አጣብቆ የሚይዘው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ግፊቱ በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 76 ገደማ ይወርዳል። ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጎማ በምጽዋ ቢበዛ በ32 ኒውተን ቢጣበቅ፣ በአዲስ አበባ ከ24 ኒውተን አያልፍም። በደጋ ከተሞች ያሉ ሆቴሎች ብዙ ጎማዎች ያሉትን ምንጣፍ ቢመርጡ ይበጃቸዋል። ሻካራ በሆነ ገንዳ ላይ ግን አየር በስንጥቁ ስለሚገባ እንዲህ ያለው ምንጣፍ ጨርሶ አይያዝም፤ ራሱ የአደጋ ምንጭ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

የሆቴል ሠራተኞች ገንዳውን ሲያጸዱ የጽዳት ፈሳሹን በደንብ ሊያለቀልቁት ይገባል። ጨዋማ ውኃ ባለበት አካባቢ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሳሙና ጋር ተዋህደው የሚፈጥሩት ዝቃጭ የጉብታዎቹን መሐል ስለሚደፍን፣ በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። በግድግዳው ላይ የሰው ክብደት የሚችል መደገፊያ ብረት መትከልም የጎኑን ግፊት ከእግር ወደ እጅ ያሸጋግራል። የፎጣ መስቀያና መጋረጃ ግን ለዚህ አልተሠሩም።

እንግዳ ስንሆን ደግሞ ከመግባታችን በፊት ምንጣፉን በእጃችን ገፋ አድርገን እንፈትሽ። ስንጨርስ ውኃውን ካፈሰስን በኋላ፣ ሳንነሳ ሳሙናውን በንጹሕ ውኃ እናለቅልቅ። ሙቅ ውኃ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ በድንገት መነሳት ያዞራል፤ ጥቂት ቁጭ ብለን፣ መደገፊያውን ይዘን፣ ቀስ ብለን እንነሳ። ከገንዳው ውጭ የምንረግጠውም ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ እንጂ በሴራሚክ ላይ የተጣለ ፎጣ አይሁን። ጥንቃቄ የሚጠቅመው ሰበቃ የት እንደጠፋ ሲያውቅ ነው።