የተበላ የፔዳል ጥርስ

በእርሻ ዕቃችን ላይ ብሎን የለም። ሞፈር ከቀንበር በምራን ይታሰራል፤ ማረሻው በወገል ይያዛል፤ ሲላላ ይጠበቃል። ብስክሌት ግን በብሎንና በዳዶ የተያያዘ ዕቃ ነው። ባሕር ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ስላለች ብስክሌት የሞላባት ከተማ ናት። ለሥራ ወደዚያ የወረደ ልጅ አንዳንዴ አንዱን ገዝቶ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ይዞ ይመለሳል። ያገራችን መንገድ ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገት ላይ ነጂው ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን የሚጨነቀው ፔዳሉ የታሰረበት ቀዳዳ ነው።

የብሎን ጥርስ ምንድን ነው? የጉናን ተራራ እየዞረ ከግርጌ እስከ ጫፍ የሚወጣ አንድ ቀጭን መንገድ አስቡ። የብሎን ጥርስ ብዙ ይመስላል እንጂ እንደዚሁ አንድ መንገድ ነው። በቀዳዳው ውስጥም ልኩ የሆነ መንገድ ተቆፍሯል። ሁለቱ ሲገጥሙ ብሎኑ ያለ ጉልበት ይገባል። ጠምሞ ከጀመረና በመፍቻ ከተገፋ ግን አንዱ መንገድ ሌላውን አቋርጦ ያርሰዋል። ያን ጊዜ ጥርሱ ተበላ እንላለን።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልብ በሉ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። የግራው እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ እየነዱት ሳለ ራሱን እየፈታ ይወጣ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው የግራውን ፔዳል የሚፈታ መስሎት ያጠብቀዋል፤ ወይም የቀኙን በግራ በኩል በግድ ይከተዋል። ዘዴው ቀላል ነው። መፍቻውን ሽቅብ አቁሙት። ወደ ፊተኛው ጎማ ከተገፋ በሁለቱም በኩል ይጠብቃል፤ ወደ ኋለኛው ከተሳበ ይፈታል። በፔዳሉ ብረት ጫፍ ላይም ብዙ ጊዜ አንዲት የፈረንጅ ፊደል ተቀርጻለች። ቆማ አንድ እግሯን ወደ ቀኝ የዘረጋችው ‹ኤል› ግራ ማለት ናት። ‹አር› ከሆነች ቀኝ ነው። ፊደል ቆጥሮ ላነበበ ሰው ሁለት መጨመር አያቅተውም።

ፔዳሉ ከተወላገደ መንዳት ይቅር። ከነፋስ መውጫ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቢወልቅ የሚሰበረው ብስክሌቱ ብቻ አይደለም። ውረዱና እየገፋችሁ ሂዱ።

ለመጠገን ፔዳሉን ፍቱ፤ ብሎኑንም ቀዳዳውንም በናፍጣ እጠቡና በጨርቅ አድርቁ። ከዚያ በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱ። ብሎኑ ላይ የተጣመመው አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ከሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀጭን ሞረድ የመንገዱን አቅጣጫ ተከትሎ ያቃናዋል። ቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ ከተጎዳ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። ክንዱን ወደ ታች አድርጉ፤ ግራሶ ቀቡ፤ ደህናውን የዚያኑ ጎን ፔዳል ከውስጥ በኩል በጣታችሁ አስገቡት። ከውስጥ ያለው ጥርስ ደህና ስለሆነ ቀጥ አድርጎ ይመራዋል፤ አፉ ላይ ሲደርስም የተጣመመውን እያቃና ይወጣል። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤ መቸኮል የለም። መካኒኩ ለዚሁ ሥራ ጥርስ ማውጫ ብረት አለው፤ ለግራና ለቀኝ ግን የተለያየ መሆኑን ጠይቁት።

ቀዳዳው ፈጽሞ ከሰፋስ? አንዳንዱ ፌስታል ወይም ላሜራ ጠቅልሎ ይከተዋል። ይሄ አንድ ገበያ ያደርሳል፣ ሁለተኛውን ግን አያደርስም። በብየዳ ማጣበቅም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ፔዳሉ አይፈታም። ሌላው ስሕተት ከሱቅ 14 ሚሊ ሜትር ብሎን መሞከር ነው። የአብዛኛው ብስክሌት የፔዳል ብሎን ከ14 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በአንድ ኢንች ውስጥም 20 ጥርስ አለው። ሌላው ብሎን የሚገባ መስሎ ይጀምርና የቀረውን ይበላዋል። ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ ከውስጥ አዲስ ጥርስ ያለው ቀለበት ሊያስገባ ይችላል። ክንዱ ተራ ብረት ከሆነ ግን እኔ የምመክረው ክንዱን መለወጥ ነው።

አውሮፕላን ሠርተው በ1903 እ.ኤ.አ. የበረሩት ሁለቱ የአሜሪካ ወንድማማቾች፣ ራይት የሚባሉት፣ መተዳደሪያቸው ብስክሌት መሥራትና መጠገን ነበር። ሥራው የሚናቅ አይደለም።

ፔዳሉን ስትመልሱ ግራሶ ቀቡት፤ የመጀመሪያውን ሦስት ዙር በጣት ብቻ አዙሩ። በጣት እንቢ ካለ ጠምሟልና አውጡት። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ወርዳችሁ እንደገና አጥብቁ።

ጥያቄ፦ የግራውን ፔዳል ለመፍታት መፍቻው ወደ የትኛው ጎማ ይሳባል?