ስለ ጁዶ ማዕርግና ስለ ትምህርት

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ቡናማ ቀበቶ በታጠቅሁ ጊዜ ጁዶን የጨረስሁ መስሎኝ ልምምዱን ችላ አልሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን አንድ ባለ ነጭ ቀበቶ ልጅ በሁሉ ፊት ምንጣፉ ላይ ዘረጋኝ። ከጀርባዬ ይልቅ ኀፍረቱ አመመኝ፤ ነገር ግን የማዕርግን ትርጓሜ እንድመረምር አደረገኝ።

ጁዶን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. በቶኪዮ የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ የተባለ መምህር ነው። እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ለሁለት ተማሪዎቹ «ሾዳን» የተባለውን ማዕርግ ሰጠ። ይህ ማዕርግ ዛሬ ጥቁር ቀበቶ የሚያስታጥቅ ነው፤ ትርጓሜው ግን «የመጀመሪያ ደረጃ» ማለት ነው እንጂ የመጨረሻ ማለት አይደለም። የካኖ ተማሪ የነበሩት ወይዘሪት ኬይኮ ፉኩዳም በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐሥረኛውን ዳን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 98 ዓመት ነበረ፤ ማስተማራቸውንም ገና አልተዉም ነበር።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ! በቅርቡ የምስክር ወረቀታችንን እንቀበላለን። እርሱም እንደ ሾዳን በር ከፋች እንጂ በር ዘጊ አይደለም። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በየሳምንቱ ከጀማሪዎቹ ጋር ተሰልፌ አወዳደቅ እማራለሁ።