ፍየሉ ሦስት ሳምንት፣ ገንዘቡ ዓመት፦ የቁም እንስሳት ነጋዴ ዘካውን እንዴት ያስላ?

ከባቢሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከሞያሌ እስከ ጋሪሳ ባሉ ገበያዎች የዘካ ነገር ሲነሳ አንድ መልስ ደጋግሞ ይሰማል፦ «እኔ ጋ አንድ ፍየል ዓመት አይሞላም። ገዝቼ በሳምንት፣ ቢበዛ በወር እሸጠዋለሁ። ታዲያ ዘካው ከየት ይመጣል?» ሌላው ደግሞ ዘካ ያወጣል፤ የሚቆጥረው ግን አርብቶ አደር አባቱ እንደሚቆጥረው በራስ ነው። በሁለቱም አካሄድ ለድሃው የሚደርሰው ድርሻ ይጎድላል።

የእኔ ሙያ የእንስሳት ሕክምናና ኢኮኖሚ ነው፤ ፈትዋ የዑለማዎች ነው። እዚህ የምናየው የሂሳቡን መንገድ ነው፤ መዝሀቦች በሚለያዩበት ቦታ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

የአርቢው ሂሳብ

ለወተትና ለርቢ በግጦሽ የሚኖር መንጋ ዘካው በቁጥር ነው። ግመል ከ5፣ ከብት ከ30፣ በግና ፍየል ከ40 ጀምሮ ዘካ አለባቸው። ከ5 እስከ 9 ግመል አንድ በግ ወይም ፍየል፤ ከ30 እስከ 39 ከብት አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ፤ ከ40 እስከ 120 ፍየል አንድ፣ ከ121 እስከ 200 ሁለት ይወጣል። መንጋው በባለቤቱ እጅ አንድ የጨረቃ ዓመት መቆየት አለበት። የግመሉንና የበግና ፍየሉን ዝርዝር ኸሊፋ አቡ በክር አነስ ኢብን ማሊክን ወደ ባሕረይን ሲልኩ በደብዳቤ ጽፈው ሰጥተውታል።

የነጋዴው ሂሳብ

ለመሸጥ የተገዛ እንስሳ ግን እንደ ጨርቅና እንደ እህል የንግድ ዕቃ ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ ፍየል ሳይሆን በሚዘዋወረው ገንዘብ ላይ ነው። ፍየሉ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ሌላ ፍየል ተለውጦ ዓመቱን ሙሉ እናንተው ዘንድ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያለው ንብረት ኒሷብ ከሞላ 2.5 በመቶ ይወጣል። ኒሷቡ የ85 ግራም ወርቅ ወይም የ595 ግራም ብር ማዕድን ዋጋ ነው፤ ለድሃው ስለሚበጅ በብር ማዕድን መለካትን የሚመርጡ ዑለማዎች አሉ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አንድ ነጋዴ በዘካ ቀኑ 200 ፍየል አለው እንበል፤ የአንዱ የዕለቱ ገበያ 80 ዶላር ነው። በአርቢው ሂሳብ 2 ፍየል ብቻ ይወጣል። በነጋዴው ሂሳብ ጠቅላላ ዋጋው 16,000 ዶላር፣ ዘካው 400 ዶላር፣ ማለትም የ5 ፍየል ዋጋ ነው። በራስ የቆጠረ ነጋዴ የ3 ፍየል ዋጋ ከድሃው ድርሻ አስቀርቷል።

በዚህ ላይ 4,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብና በዱቤ ሸጦ እንደሚከፈለው የሚያምንበት 6,000 ዶላር ይጨመር። ጠቅላላው 26,000፣ ዘካው 650 ዶላር ይሆናል። የራስ ዕዳ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም፣ ተስፋ የተቆረጠበት ዱቤስ መቼ ይቆጠራል በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ይህን ከዓሊም ጋር ተነጋገሩበት።

በሂሳቡ ጊዜ አራት ነገሮችን ያዙ።

አንደኛ፣ ዋጋው የተገዛበት ሳይሆን የዘካው ቀን የገበያ ዋጋ ነው፤ እንስሳው ባለበት ቦታ እንጂ ጅዳ ሲደርስ በሚያወጣው አይተመንም።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ቀን በፊት የሞተ እንስሳና ለመኖ የወጣ ገንዘብ አይቆጠርም፤ በእጅ የለምና።

ሦስተኛ፣ ቀኑ በሂጅራ አቆጣጠር ይሁን። የጨረቃ ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በመስከረም ወይም በጃንዋሪ የሚቆጥር ሰው በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ዘካ ያልፈዋል። ቀኑ ከሐጅ በፊት በረቱ ሞልቶ ሳለ ቢውልም ወደ ባዶው ወር አይዛወርም።

አራተኛ፣ ቀረጥና የገበያ ክፍያ አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዘካን አይተኩም። ቤት ያለው የወተት መንጋም ለብቻው ይቆጠራል፤ አንድ እንስሳ ሁለት ጊዜ ዘካ የለበትም።

ለማን ይድረስ?

ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ተዘርዝረዋል። ድሃና ሚስኪን ቀዳሚዎቹ ናቸው። ለእኛ ንግድ ቅርብ የሆኑ ሁለት ሌሎችም አሉ፦ ዕዳ ያጎበጠውና መንገድ ላይ ስንቁ ያለቀበት። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በቀንዱ አገሮች እንስሳት ላይ ጥላው የነበረው እገዳ ስንቱን ነጋዴ ባለዕዳ እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ። ድንበር ማዶ ደመወዙ ሳይከፈለው የቀረ እረኛም መንገደኛ ነው፤ ነገር ግን የሠራበት ገንዘብ ሐቁ ስለሆነ በዘካ አይተካም።

ሙዓዝ ኢብን ጀበል ወደ የመን ሲላኩ የተሰጣቸው መመሪያ ዘካው ከአገሩ ባለጠጎች ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲመለስ ነበር። ስለዚህ ፍየሉ የተገዛበትን የገጠር ቀበሌ ድሃ አትርሱ።

የታመመ እንስሳ ምጽዋት አይሆንም

እንደ ባለሙያ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው። በለይቶ ማቆያ በደም ምርመራ ብሩሴሎሲስ ተገኝቶባት የተመለሰች ፍየል «ለሚስኪን ትሰጥ» ስትባል እሰማለሁ። በሽታው ካልተፈላ ወተትና ከውርጃ ፈሳሽ ወደ ሰው ይተላለፋል። እየተመላለሰ የሚያተኩስ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳምም፣ ሕክምናው ሳምንታት የሚወስድ ነው። በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ያ ማለት ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ ማለት ነው። የአቡ በክር ደብዳቤም ያረጀና እንከን ያለበት እንስሳ ለዘካ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሙዓዝም በበኩላቸው ምርጥ ምርጡን ከሰዎች እንዳይወስዱ ተነግሯቸዋል። መካከለኛው ይሰጥ፤ ገበያ የጣለው አይሰጥ።

ከዘካ በላይ

ዘካ የድሃው ሐቅ ነው፤ ልግስና ከዚያ በኋላ ይጀምራል። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ከአርባ መልካም ሥራዎች ከፍተኛው የምታለብ ፍየልን ለወተቷ ማዋስ እንደሆነ ተነግሯል፤ መኒሓ ይባላል። በሶማሌም በቦረናም የቆየ ባህል ነው። ለነጋዴ ደግሞ ቀላል ነው፦ ፍየሏ የእናንተው ናት፣ ወተቷ የቤተሰቡ ነው፣ ስትነጥፍ ትመለሳለች። ጤናማ መሆኗን አስመርምሩ፣ ወተቱ እንዲፈላም ንገሯቸው።

ድርቅ ሲጠና የምታጠባዋን ፍየል ሳይቀር ገበያ የሚያወጣው አርብቶ አደር በረታችሁን የሚሞላው ሰው ነው። በርካሽ ከገዛችኋቸው አንዷ በመኒሓ ወደ ቤቱ ብትመለስ ልጆቹ ወተት ያገኛሉ፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው ይኖረዋል።

በዚህ ሳምንት የዘካ ቀናችሁን በሂጅራ አቆጣጠር መዝግቡ። ቀኑ ሲደርስ በረቱን፣ ካዝናውንና የዱቤ ደብተሩን አንድ ላይ ቁጠሩ።