ኢትዮጵያ በሃያ ዶላር

ቆይ ወንድምዓለም፣ እሱን ገና አትጫነው። ‹አፕዴት› የሚለውን አይቼዋለሁ፤ ከሥሩም አዲሱን ማስፋፊያ ግዛ የሚል ሥዕል ለጥፈውልሃል። ሁለቱ አብረው ስለመጡ አንድ ነገር ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ማስፋፊያው ይከፈልበታል፤ ካልፈለግኸው ግን እዚያው ይቀራል። አፕዴቱ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ፈለግህም አልፈለግህም ጌምህን ይለውጠዋል። እማዬ የምትቆጣህ በሚከፈልበት ነው፤ እኔ የምሰጋልህ በነፃው ነው።

መጀመሪያ ግን የልብህን ልናገርልህ። ጌምህ ሃርትስ ኦፍ አይረን ፎር ሲከፈት ቀኑ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ነው፤ ጣሊያን ወረራውን ጀምሯል፤ አንተ ደግሞ ኢትዮጵያን ይዘሃል። የቢቸና ልጅ፣ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ሰው፣ ያንን ጦርነት እኔም ልዋጋው ቢል ማን ይፈርድበታል? ሞጣ ስትሄድም ወደ ዓባይ ወርደህ ሰባራ ድልድይን አይተኸዋል፤ በአፄ ፋሲል ዘመን የተገነባ፣ ጣሊያን እንዳይሻገርበት አርበኞች መሃሉን ያፈረሱት። ያንን ያየ ሰው ካርታው ላይ ዓባይን ሲያገኝ እጁ አርፎ አይቀመጥም።

ይኸው ጌም ታዲያ በ2016 ሲወጣ (የጌሞቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምነግርህ) ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የግብ ዛፍ (አገሪቱ በየደረጃው የምትመርጣቸው ግቦች ዝርዝር) እንኳ አልነበራትም። ለብዙ ትንንሽ አገሮች የተዘጋጀውን ያንኑ የጋራ ቅጽ ሰጥተው ነው የተዉአት። የራሷን ያገኘችው በሴፕቴምበር 2022፣ ‹ባይ ብለድ አሎን› በሚባለው ማስፋፊያ ውስጥ፣ ከጣሊያንና ከስዊዘርላንድ ጋር ተጠቅልላ፣ በሃያ ዶላር ነው። ወራሪና ተወራሪ በአንድ ዘንቢል! ስቄም ተናድጄም አልጨረስኩም።

ይህን ያደረገው ጌሙን የሚሠራው ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ብቻ እንዳይመስልህ። ሲቪላይዜሽን ፋይቭ ላይ ኃይለ ሥላሴ የመጡት በ2012፣ በሚከፈልበት ማስፋፊያ ነው። ሲቪላይዜሽን ሲክስ በ2016 ወጥቶ ምኒልክ የገቡት በጁላይ 2020 ነው፤ እሱም በክፍያ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ከ1999 ጀምሮ ሲጫወቱት ኖረው ኢትዮጵያውያን የተጨመሩት በ2015 ነው። ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ፣ በ2021 ከሐውሳዎች ጋር። እኛ ሁልጊዜ ሁለተኛው ዙር ላይ የምንጠራ እንግዶች ነን። ሲቪላይዜሽን ሰባት በ2025 ሲወጣ አክሱም ከመጀመሪያው መግባቷ ብቻ ትንሽ አጽናንቶኛል።

የሚሸጡትም አስበው ነው። ሲቪላይዜሽን ሲክስ ላይ የምኒልክን ኢትዮጵያ ስትይዝ ከተማህን ኮረብታ ላይ ከቆረቆርህ ከእምነት ገቢህ ላይ ሳይንስና ባህል ይጨመርልሃል፤ ሠራዊትህም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይበረታል። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ይህን አንብቦ እንዴት እጁን ይሰብስብ? ሦስተኛው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ላይ ደግሞ ሴባስቶፖል የሚባል መድፍ አለ፤ የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል! እኔም ብሆን ልቤ ይሸፍታል።

እሺ፣ አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ፤ ከዚያም አልቆመም። ጌሙን በምትገዛበት መደብር በስቲም ላይ ዋጋው የሚጻፈው በዶላር ነው። አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ገደማ የነበረው ማስፋፊያ ምንም ሳይጨመርበት ከእጥፍ በላይ ሆነብህ ማለት ነው። ካርዱም የአንተ አይደለም፤ ዱባይ ያለችውን አክስታችንን ነው የምታስቸግረው። አክስቴ ‹‹ምን ችግር አለው›› ትላለች፤ ትልሃለችም። ግን አንድ ጌም አንዴ መለመንና በየዓመቱ ለዚያው ጌም መለመን ልዩነት አለው፤ ሁለተኛው ያሳፍራል።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ቆይተህ ግዛ። ሲያረጅ፣ መለዋወጡን ሲያቆም። አትሳቅ! ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ላይ በ2015 ለኢትዮጵያውያን ለብቻ የከፈለ ሰው አለ፤ በ2019 ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን የሚባለው ሲወጣ ከእነ ዮዲት ዘመቻቸው፣ ከእነ ሾተል ተዋጊያቸው ዋናው ጌም ውስጥ ነበሩ። ሲቪላይዜሽን ሲክስ ደግሞ ይብሳል። ሜይ 21 ቀን 2020 ኤፒክ የሚባለው መደብር ዋናውን ጌም ለሳምንት በነፃ ማደል ጀመረ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዕለት ኢትዮጵያ ያለችበት የአርባ ዶላሩ ጥቅል ሽያጭ ተከፈተ። ዋናውን በነፃ፣ ተጨማሪውን በአርባ። ዓላማውን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለም፦ ጌሙ መግቢያ በር ነው፣ ገንዘቡ ያለው ውስጥ ነው። ዓመት እንዳለፈ ሁሉንም አንድ ላይ አጥፈው ሸጡት።

ወደ ነፃው አፕዴት ልመለስ፤ ዋናው ነገሬ እሱ ነውና። ‹ባይ ብለድ አሎን› ሲወጣ ያልገዛውም ሰው ጌም ተለውጧል። የሰላም ጉባኤው፣ ማለትም ጦርነቱ አልቆ መሬት የምትከፋፈሉበት ክፍል፣ ለሁሉም እንደ አዲስ ተሠራ። ጥሩ ሥራ ነበር፣ አልክድም። ግን የድሮውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱ በአንድ ሌሊት ዋጋ አጣ። ስቴላሪስን ደግሞ እይ። በ2016 የገዛ ሰው የጠፈር መርከቡ በሦስት ዓይነት መንገድ መጓዝ ይችል ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2018 በነፃ የመጣው አፕዴት ሦስቱን ወደ አንድ አወረደው። ስንቱ በሌላው መንገድ መጫወት ስለወደደ ነበር የገዛው። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ፕላኔቶቹን የምታስተዳድርበትን ዘዴም ቀየሩት። የገዛኸው ዕቃ ቤትህ ቁጭ ብሎ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

የስትራቴጂ ጌም ተጫዋች ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የኳስ ጌም ቢለወጥ ጣትህ በአንድ ቀን ይለምደዋል። የአንተ ግን ጭንቅላትህ ውስጥ ያለ ነው፦ ስንት ክፍለ ጦር ሰሜን፣ ስንቱ ኦጋዴን፣ ፋብሪካው መቼ፣ ጠመንጃው ከየት። ያንን ለማወቅ ሌሊት ሙሉ ተሸንፈሃል። ቁጥሩ ሲለወጥ ሌሊቶቹም አብረው ይሄዳሉ። ባለፈው ያንን የዩቲዩብ ቪዲዮ ተከትለህ ስትሸነፍ ‹‹እኔ ደደብ ነኝ›› ያልከውን ሰምቼሃለሁ። ደደብ አይደለህም፤ ቪዲዮው አሮጌ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮው የወጣበትን ቀን እይ፣ ከዚያ ጌምህ መክፈቻ ገጽ ላይ ያለውን የቨርዥን ቁጥር እይ፤ ካልገጠሙ ምክሩን ተወው።

አሁን ልብ ብለህ ተመልከት፣ ደጋግሜ አላሳይህም። ስቲም ላይ የጌሙን ስም በቀኝ ጠቅ አድርግ። መጨረሻ ላይ ‹ፕሮፐርቲስ› ይላል። እዚያ ውስጥ ‹አፕዴትስ› በሚለው ሥር ጌሙን ስከፍተው ብቻ አድስ የሚለውን ምረጥ፤ ይህ ዳታህን ሳታውቀው እንዳይበላብህ ነው። ቀጥሎ ‹ቤታስ› የሚል ቃል ያለበትን ክፈት፤ ዝርዝሩ ላይ የድሮ ቨርዥኖች አሉ። የጀመርኸው ጨዋታ ያለበትን ምረጥና እስክትጨርሰው እዚያው ቆይ። አፕዴት በመጣ ቁጥር የድሮ ሴቭ አልከፍት ማለቱ ወይም ተከፍቶ መዘበራረቁ የታወቀ ነው። የጫንሃቸው ሞዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ልጆቹ የሚሠሯቸው በትርፍ ሰዓታቸው ስለሆነ አዲሱን ተከትለው እስኪያስተካክሉ ጊዜ ይፈልጋሉ። ይህን የቨርዥን ምርጫ ሁሉም ኩባንያ አይፈቅድም፤ ፓራዶክስ ይፈቅዳል፤ ምስጋናም ይገባዋል።

አፕዴት ሁሉ ክፉ ነው እያልኩህ አይደለም። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት በሕይወት ያለው እኮ በአፕዴት ነው፤ በ2013 የመጣው ማስፋፊያ መነሻው ወዳጆቹ በፍቅር የሠሩት ሞድ ነበር። ሰባራ ድልድይም ቢሆን ከተሰበረ በኋላ (ይህንንም በፈረንጅ ቁጠረው) በ2002 በብረት ተጠግኖ፣ ጎርፍ ወስዶት፣ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለት ነው ሰው ከጎጃም ጎንደር እግሩን ሳያርስ የሚሻገረው። ጥገና እንዲህ ነው፣ ያልከፈለውም ይሻገርበታል። ግን ጥገና እያሉ ያልበሰለ ነገር የሚሸጡም አሉ። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ፎር በኤፕሪል 2021 ‹ሌቫያተን› የሚባል ማስፋፊያ አወጣ፤ በስሕተት የተሞላ ስለነበር ስቲም ላይ ከሁሉ የከፋ ግምገማ ከተሰጣቸው ዕቃዎች ተርታ ገባ፤ የሠራው ቡድን ኃላፊ ራሱ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። በመጀመሪያው ቀን የገዙት ሰዎች ከፍለው ፈታኝ ሆኑ። አንተ የማንም ፈታኝ አትሁን።

ስልክህ ላይ ስላለው ክላሽ ኦፍ ክላንስ አጭር ነገር ልበልህና ላብቃ። እሱ ማስፋፊያ አይሸጥም፤ የሚያደርገው ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ነው። ታውን ሆል 11 በ2015 መጣ፣ 17ኛው በ2024። ደረስኩ ስትል ይርቃል። ጦር ለማሠልጠን የሚወስደውን ጊዜ ለማሳጠር ሰው ለዓመታት እንቁ ሲያወጣ ከርሞ፣ በማርች 2025 የማሠልጠኛ ጊዜውን ጭራሽ አነሱት። ለተጫዋቹ ጥሩ ነው፤ ለከፈለው ግን ማን ይመልስለታል? ደግሞም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ታስታውሳለህ፤ የስልኩ ጌም ሁሉ ሞተ፣ ላፕቶፕ ላይ አስቀድሞ የወረደው ግን ‹ኦፍላይን› ተደርጎ ይሠራ ነበር። እዚህ አገር ጌም ስትመርጥ ይህን ከሥዕሉ ውበት አስቀድም።

ኧረ አዎ፣ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የግድ ኢትዮጵያን ካላየሁ ካልክ ሃያ ዶላሩን ብቻህን አትሸከመው። ሃርትስ ኦፍ አይረንን በኔትወርክ ስትጫወቱ ጨዋታውን የከፈተው ልጅ ያለው ማስፋፊያ ለገቡት ሁሉ ይሠራል፤ ሌሎቹ ዋናው ጌም ብቻ ይበቃቸዋል። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ ፎር ደግሞ በ2021 ሁሉንም ማስፋፊያ በወር ኪራይ መስጠት ጀምሯል፤ ሲጀመር አምስት ዶላር ገደማ ነበር። የክረምቱን አንድ ወር ተከራይተህ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ዙፋን ላይ ካሉበት ከ1444 ጀምረህ ጠግበህ ተጫውተህ መሰረዝ ትችላለህ፤ መሰረዙን ብቻ አትርሳ፣ የአክስቴ ካርድ ነው። ከሞጣዎቹ ጓደኞችህ ጋር ደግሞ አዋጡና አንዳችሁ ይግዛ። የሚገዛው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልደረሰ ይሁን፤ አለበለዚያ እሱ ለፈተና ሲጠፋ የሁላችሁም ጦርነት ይቆማል።