የስተርሊንግ ሎኮሞቲቭ እንጦጦን ይወጣ ነበርን?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ኮረብታዎች በእግሩ የወጣ ሰው ሁለት ነገሮችን ጠንቅቆ ያውቃል። አንደኛው የትንፋሽ ማጠር ነው። ሁለተኛው ዝናብ በዘነበ ዕለት የሚታይ ነው፤ ጡንቻ ምንም ያህል ቢበረታ፣ እግር መሬቱን ቆንጥጦ ካልያዘ ወደ ፊት መራመድ አይቻልም። ቀጥሎ የምንመለከተው ሎኮሞቲቭ ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ሁለተኛው ችግር ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1870 ፓትሪክ ስተርሊንግ የተባለው ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በዶንካስተር ከተማ ለታላቁ የሰሜን ባቡር ኩባንያ “ቁጥር 1” የተሰኘውን ፈጣን ሎኮሞቲቭ ሠራ። ማሽኑን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ግዙፍ መንኮራኩሮች ነው። ዲያሜትራቸው 2.46 ሜትር ስለሆነ ረጅም ሰው እንኳ ከሥራቸው ቆሞ ጫፋቸውን በራሱ አይደርስበትም። ከእንፋሎቱ ኃይል የሚቀበሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከፊት ያሉት አራት፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ትንንሽ መንኮራኩሮች ክብደት ከመሸከም በቀር አይገፉም።

ለመሆኑ ይህን ያህል መንኮራኩር ምን አስፈለገ? መልሱ በፒስተኑ ፍጥነት ላይ ነው። መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሎኮሞቲቩ 7.7 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ በሴኮንድ 3.6 ዙር ይበቃዋል። የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 1 ሜትር ቢሆን ኖሮ ግን 8.8 ዙር ያስፈልገው ነበር። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር 71 ሴንቲ ሜትር ሄዶ 71 ሴንቲ ሜትር ይመለሳል። በመጀመሪያው ሁኔታ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 5 ሜትር ሲሆን በሁለተኛው ከ12 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ዘመን በነበረው ቅባትና የብረት ሥራ እንዲህ ያለውን ምልልስ ለረጅም ጊዜ የሚችል ማሽን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ እንፋሎቱም ገብቶ ለመውጣት ጊዜ ያጥረዋል። መንኮራኩሩን ማተለቅ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያቃልል ዘዴ ነበር።

ስሌቱ አላሳፈረም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1895 በምሥራቅና በምዕራብ መስመር የሚሠሩ ኩባንያዎች ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ሲፎካከሩ፣ የስተርሊንግ ሎኮሞቲቮች ከለንደን እስከ ዮርክ ያለውን ክፍል ጎተቱ። ባቡሩ እስከ ኤደንብራ ያለውን 632 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ6 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ጨረሰ።

አሁን ወደ አቀበታችን እንመለስ። የቁጥር 1 ክብደት ያለ ከሰልና ውሃ ተጎታቹ 39 ቶን ያህል ሲሆን፣ በገፊዎቹ መንኮራኩሮች ላይ የሚያርፈው 15 ቶን ብቻ ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ያለውን የሰበቃ መጠን 0.25 ብለን ብንወስድ፣ መንኮራኩሮቹ ሳይንሸራተቱ ሊጎትቱ የሚችሉት 15,000 × 9.8 × 0.25፣ ማለትም ወደ 37,000 ኒውተን ነው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ደግሞ የስበት ኃይል ሎኮሞቲቩን ብቻ ወደ ኋላ የሚጎትተው በ39,000 × 9.8 × 0.1፣ ማለትም በ38,000 ኒውተን ነው። ስለዚህ ይህ የዘመኑ ፈጣን ማሽን አንድም ፉርጎ ሳይጎትት፣ ራሱን እንኳ በእንዲህ ያለ ዳገት ማውጣት አይችልም። ሐዲዱ በዝናብ ከረጠበማ የሰበቃው መጠን ስለሚቀንስ ነገሩ ይብሳል። ልብ እንበል፣ የጎደለው የእንፋሎት ኃይል አይደለም፤ ሲሊንደሮቹ በቀላሉ መንኮራኩሩን በቦታው ያሽከረክሩታል።

በእንግሊዝ ሜዳ ላይ ይህ ጉድለት ለረጅም ጊዜ አልጎላም። ሰረገላዎቹ እየከበዱ፣ የምግብ ክፍልም እየተጨመረባቸው ሲሄዱ ግን ጎላ። ስለዚህ ከ1898 ጀምሮ ኃይልን ለአራት መንኮራኩር የሚያካፍሉ ሎኮሞቲቮች ቦታውን መያዝ ጀመሩ። ቁጥር 1 በ1907 ጡረታ ወጣ። ከተሠሩት 53 ወንድሞቹ መካከል እስከ ዛሬ በቅርስነት የተጠበቀው እሱ ብቻ ነው።

አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ማለትም የስተርሊንግ ሎኮሞቲቮች ገና እየተሠሩ ሳለ። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከባሕር ወለል ተነሥቶ እስከ 2,350 ሜትር ገደማ ይወጣል። አማካዩ በየ1,000 ሜትሩ 3 ሜትር ነውና ቀላል ይመስላል፤ አማካይ ግን ያታልላል። ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ ባለው ክፍል ብቻ መስመሩ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ኩርባውም ብዙ ነው። ሐዲዱም ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ለዚህ አገር የተመረጡት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የቁጥር 1 ተቃራኒ ነበሩ፤ መንኮራኩሮቻቸው ትንንሽ፣ ገፊዎቹም ብዙና በአጣማሪ የብረት ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ለምሳሌ ሦስት ጥንድ ገፊ መንኮራኩሮች እያንዳንዳቸው 10 ቶን ቢሸከሙ፣ የመያዝ ኃይሉ ከ37,000 ወደ 73,000 ኒውተን ያድጋል። ዋጋው የተከፈለው በፍጥነት ነው። ባቡሩ የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ በመሆኑ መንገደኛው ድሬ ዳዋና አዋሽ እያደረ፣ ከጂቡቲ አዲስ አበባ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር።

የአየሩ መሳሳት ማሽኑን አላስቸገረምን? የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይነሣል። በእንጦጦ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ነገር ግን የሎኮሞቲቭ ቦይለር ዝግ ነው፤ በ10 አትሞስፌር ግፊት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ180 ዲግሪ ነው። የሚወጣው እንፋሎት ቀለል ያለ የውጭ ግፊት ስለሚገጥመው እንዲያውም ጥቂት ይጠቀማል። ችግር ያለው እሳቱ ላይ ነው፤ ለእሳቱ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል።

ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ወደ አያት የሚዘልቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር እንፋሎት አያውቅም። ስሙን ግን ከእንፋሎት ወርሷል፤ “ባቡር” የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ከአውሮፓውያን “ቫፖር”፣ ማለትም ከእንፋሎት፣ የመጣ ነው። የሰበቃውን ሕግ ግን እሱም አያመልጥም። አንባቢ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳፈር ይህን ያስላ፦ 40 ቶን የሚመዝን ሰረገላ ግማሹ ክብደቱ በሚገፉ መንኮራኩሮች ላይ ቢያርፍ፣ የሰበቃው መጠንም በዝናብ ምክንያት 0.15 ቢሆን፣ ከፍተኛው የሚወጣው ዳገት በየ100 ሜትሩ ስንት ሜትር ነው?