ድግጣና ጫት፦ የዕፅዋት አልካሎይዶች በደም ቧንቧ ላይ ምን ይሠራሉ?

መግቢያ

«ቅጠላ ቅጠል ምን ይጎዳል?» የሚለውን አነጋገር ኡራኤል አካባቢም ሆነ ሌላ ሰፈር ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ደም ግፊት ያለበት ዘመድ ኪኒኑን ትቶ የሐበሻ መድኃኒት ሲጀምር የሚሰጠው ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ አልካሎይዶች የደም ቧንቧን እንዴት እንደሚያላሉ፣ እንዴትስ እንደሚያጠቡ በአገራችን ሁለት ዕፅዋት ምሳሌነት እንመለከታለን።

አልካሎይድ ማለት በአብዛኛው ከዕፅዋት የሚገኝ፣ ናይትሮጅን ያለበትና ብዙ ጊዜ መራራ የሆነ ውሁድ ነው። የቡናው ካፌይንና የትምባሆው ኒኮቲን ከዚሁ ወገን ናቸው።

ቧንቧው የሚጠበውና የሚላላው እንዴት ነው?

በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ለስላሳ ጡንቻ አለ። ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሴል ሲገባ ካልሞዱሊን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ቧንቧውም ይጠባል። በሴሉ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲቀንስ ደግሞ ጡንቻው ይላላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው። ግፊቱ ሳይለወጥ የቧንቧው ሬዲየስ በ10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ፣ የሚያልፈው ደም በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

አልካሎይዶች ወደዚህ ውጤት የሚደርሱበት መንገድ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1848 ከኦፒየም ተለይቶ የወጣው ፓፓቨሪን ፎስፎዳይኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ ጡንቻውን ራሱን ያላላል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተለየው ሬዘርፒን ግን የሚሠራው ነርቩ ላይ ነው፤ የኖርአድሬናሊን ክምችቱን ያራቁተዋል።

ድግጣ

ድግጣ በአገራችን ለቅማል ማጥፊያ፣ ዓሣን አደንዝዞ ለመያዝ፣ እንዲሁም ለደም ግፊት በባህል የሚሠራበት ቁጥቋጦ ነው። ሉፓኒንና ካልፑርኒን የመሳሰሉ አልካሎይዶች ይገኙበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የፍሬው ጭማቂ የአይጦችን የደም ግፊት ቀንሷል፤ ከእንስሳ ተቆርጦ የተወሰደ የደም ቧንቧንም አላልቷል። ምክንያቱ ካልሲየም ወደ ሴሉ እንዳይገባ ማገዱ ነው ተብሏል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። የተሞከረው በሜታኖል የወጣ ድፍን ጭማቂ ነው እንጂ የተለየ አልካሎይድ አይደለም። በጭማቂው ውስጥ ሌሎችም ውሁዶች ስላሉ «አልካሎይዱ ነው ያላላው» ብሎ ለመደምደም እያንዳንዱን ለይቶ መሞከር ያስፈልጋል። አይጥም ሰው አይደለም።

ጫት

ጫት የዚህ ተቃራኒ ነው። ዋናው አልካሎይዱ ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለየ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ቃሚ እርጥቡን ቀንበጥ የሚፈልገው፤ ሻጩም በኮባ የሚጠቀልለው እንዳይደርቅበት ነው። ካቲኖን ከነርቭ ጫፍ ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ልብ ይመታል፣ ቧንቧ ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል። እንግዲህ የግፊት ኪኒን እየዋጠ ጫት የሚቅም ሰው በአንድ እጁ የሚከፍተውን በር በሌላው ይዘጋል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ሁለቱም ቅጠል ናቸው፤ አንዱ ያላላል፣ ሌላው ያጠባል። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ስለ ሥራውም ሆነ ስለ ደኅንነቱ የሚነግረን ነገር የለም። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን የሚባሉት የግፊት ኪኒኖች የሚያግዱትም ያንኑ የካልሲየም መግቢያ ነው። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ድግጣ ቢጨምርበት ሁለቱ ተደምረው ግፊቱን ከሚገባው በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ተቀቅሎ በሚጠጣው ውስጥ ደግሞ የአልካሎይዱ መጠን ስንት እንደሆነ ጠጪውም ሰጪውም አይለካውም። ታካሚ ሲገጥመን «ምን ኪኒን ይወስዳሉ?» ብለን ብቻ አናቁም። «ከቤትስ የሚጠጡት ወይም የሚቅሙት ነገር አለ?» ብለን፣ ሳንቆጣና ሳንንቅ፣ እንጠይቅ። የሚደብቀን ከተቆጣነው ነው።