በረጅም የኤችዲኤምአይ ገመድ ላይ የፕሮጀክተር ምስል መጥፋት፦ የብልሽቱን ምንጭ ስለ መለየት

በቤት ሲኒማ ውስጥ ፕሮጀክተሩ ብዙውን ጊዜ ከኮርኒስ ላይ ይሰቀላል፤ ማጫወቻው ደግሞ ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት አምስት ወይም ስድስት ሜትር ቢሆንም፣ ገመዱ ግድግዳውን ወጥቶ ኮርኒሱን ዞሮ እስኪደርስ 15 ሜትር ሊሞላ ይችላል። ምስሉ ሲቆራረጥ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ የሚሰጠው የተለመደ ድምዳሜ «ገመዱ ረዝሟል» የሚል ነው። ድምዳሜው ሐሰት አይደለም፤ ጥገናውን ግን አይመራም። ርዝመት በአንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ የሚጎዳቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የሦስቱም መፍትሔ ይለያያል። በብሎኬት ግድግዳና በልስን ውስጥ የተቀበረን ገመድ መለወጥ ግድግዳ መስበርን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከሦስቱ የተጎዳው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ከፍተኛ ወጪ ያድናል።

ገመዱ በ19 ፒኖች የሚጨርስ ሲሆን፣ በውስጡ ምስልና ድምፅ የሚያጓጉዙ ሦስት ፈጣን የመረጃ ጥንዶችና አንድ የሰዓት ምት ጥንድ አሉ። ከእነዚህ ሌላ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ዝግተኛ የቁጥጥር መስመር አለ፤ ማጫወቻው የፕሮጀክተሩን ችሎታ የሚገልጸውን መረጃ፣ ማለትም ኢዲአይዲን፣ የሚያነበውም ሆነ የቅጂ መብት ጥበቃው የኤችዲሲፒ ማረጋገጫ የሚካሄደው በዚሁ ነው። ሦስተኛው ከማጫወቻው ወደ ፕሮጀክተሩ የሚሄደው የ5 ቮልት መስመር ነው።

የፈጣኖቹ ጥንዶች ችግር የድግግሞሽ ችግር ነው። ድግግሞሽ ሲጨምር ጅረቱ ወደ መዳቡ ገጽ ስለሚሰበሰብ የሚያልፍበት ስፋት ይጠብባል፤ በሽቦው ዙሪያ ያለው ፕላስቲክም ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ድግግሞሹ አራት እጥፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብክነት በዴሲቤል ሲለካ ሁለት እጥፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። በ1080ፒና በ60 ኸርዝ እያንዳንዱ ጥንድ በሰከንድ 1.485 ጊጋቢት ያጓጉዛል፤ በ4ኬና በ60 ኸርዝ፣ ቀለሙ ሳይቀነስ፣ 5.94 ጊጋቢት ይደርሳል። አራት እጥፍ ማለት ነው። አንድ ገመድ በመጀመሪያው ፍጥነት 12 ዴሲቤል ቢያባክንና ከዚህ ውስጥ 9ኙ የመዳቡ፣ 3ቱ የፕላስቲኩ ቢሆኑ፣ በሁለተኛው ፍጥነት ብክነቱ 18 ሲደመር 12፣ በድምሩ 30 ዴሲቤል ይሆናል። በ1000 ሚሊቮልት የወጣ ሲግናል በመጀመሪያው ሁኔታ 250 ሚሊቮልት ሆኖ ይደርሳል፤ በሁለተኛው 32 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ለዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ ገመድ ፕሮጀክተሩ በ4ኬ ሲተካ በድንገት «የተበላሸ» የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ ግን ያው ነው፤ የተለወጠው የተጫነበት ሸክም ነው።

የዚህ ዓይነቱ ድክመት ምልክት በስክሪኑ ላይ የሚበተኑ ብልጭታዎች ናቸው። እስከ ኤችዲኤምአይ 2.0 ድረስ የምስል መረጃው የስሕተት ማረሚያ የለውም፤ የድምፅ መረጃው ግን አለው። ስለዚህ ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ምስሉ ብቻ የሚብለጨለጭ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፈጣኖቹ ጥንዶች ያመዝናል። መበላሸቱ ቀስ በቀስ የሚታይ አይደለም። ሦስቱ ጥንዶች በአንድነት በሰከንድ 17.82 ጊጋቢት ሲያጓጉዙ ከአንድ ቢሊዮን ቢት አንዱ ቢሳሳት፣ በሰከንድ 18 ያህል ስሕተት ይፈጠራል፤ ይህን ዓይን አያየውም። ከአንድ ሚሊዮን አንዱ ሲሳሳት ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ወደ 300 የሚጠጋ ስሕተት ይኖራል፤ አብዛኛውም በሚታየው የምስል ክፍል ላይ ያርፋል። በመካከሉ ያለው የሲግናል ልዩነት ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ሊሆን ይችላል። በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 በአዲሱ የማስተላለፊያ ዘዴው የስሕተት ማረሚያ ጨምሯል፤ ለተመልካች መልካም ነው፣ ለመርማሪ ግን የማስጠንቀቂያውን ብልጭታ ስለሚሸፍን ምስሉ ከፍጹምነት ወደ ጨለማ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል።

የቁጥጥር መስመሩ ነገር ከዚህ ይለያል። የሚሠራው ቢበዛ በ100 ኪሎኸርዝ በመሆኑ ከፈጣኖቹ ጥንዶች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ሆኖም በርዝመት ክፉኛ ይጎዳል። ቮልቴጁን ወደ ላይ የሚያነሣው በሬዚስተር በኩል የሚያልፍ ደካማ ጅረት ሲሆን፣ ገመዱ በረዘመ ቁጥር የሚሞላው ካፓሲታንስ ይበዛል፤ ምቱም ቀስ ብሎ ስለሚነሣ መሣሪያው አሳስቶ ያነበዋል። ስታንዳርዱ ለገመዱ የሚፈቅደው 700 ፒኮፋራድ ነው። በሜትር 50 ፒኮፋራድ ያለው ገመድ ይህን ጣሪያ በ14 ሜትር ይነካል። ውጤቱም የምስል ብልጭታ አይደለም፤ ማጫወቻው ፕሮጀክተሩን በትክክል ስለማያውቀው ዝቅተኛ ጥራት ይመርጣል፣ ወይም ጨርሶ ምስል አይልክም። በቀድሞው የኤችዲሲፒ ትውልድ ማረጋገጫው በየ128 ፍሬሙ፣ ማለትም በ60 ኸርዝ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ ስለሚደገም፣ ጥርት ያለ ምስል መጥቶ በየጊዜው መጥቆሩ የዚህ መስመር መለያ ሊሆን ይችላል።

የ5 ቮልቱን መስመር የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ማጫወቻው ቢያንስ 55 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ይጠበቅበታል፤ ፕሮጀክተሩ ጋ ሲደርስም ከ4.7 ቮልት ማነስ የለበትም። የ28 ጌጅ መዳብ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው፤ 15 ሜትር ሄዶ በተመሳሳይ ሽቦ ቢመለስ 6.3 ኦም ይሆናል። በ55 ሚሊአምፔር 0.35 ቮልት ይጠፋል፤ 5 ቮልት የነበረው 4.65 ሆኖ ይደርሳል። በውስጣቸው ቺፕ ያላቸው አክቲቭ ገመዶች ኃይላቸውን የሚስቡት ከዚሁ መስመር በመሆኑ ጉዳዩ በእነርሱ ላይ ይብሳል። በአንዱ ማጫወቻ የሚሠራ ገመድ በሌላው እምቢ ሲል መጀመሪያ መለካት ያለበት ይህ ቮልቴጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቀላልና ዋጋ የማይጠይቅ ፈተና ይገኛል፤ ይኸውም የምስሉን ጥራት ደረጃ በደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። የፈጣኖቹ ጥንዶች ሸክም ከምስሉ ጥራት ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ የቁጥጥሩና የኃይሉ መስመሮች ግን ጥራቱ ምን ይሁን ምን ሥራቸው ያው ነው። ማጫወቻው በመጀመሪያ ወደ ፕሮጀክተሩ ተወስዶ በሁለት ሜትር ገመድ ይሞከራል፤ በዚህም ምስሉ ካልመጣ ስለ ገመድ መነጋገር ከንቱ ነው። ከመጣ፣ በረጅሙ ገመድ 4ኬ በ60 ኸርዝ፣ ቀጥሎ 4ኬ በ30፣ ቀጥሎ 1080ፒ ይሞከራል። ብልሽቱ ከጥራቱ ጋር አብሮ የሚቀንስ ከሆነ ብክነቱ በጥንዶቹ ላይ ነው። በ1080ፒም ካልተሻለ ጥርጣሬው ወደ ሁለቱ ዝግተኛ መስመሮች ይዞራል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በኤችዲኤምአይ 2.0 እያንዳንዱ ጥንድ በሰከንድ ከ3.4 ጊጋቢት ሲያልፍ ማጫወቻው መረጃውን በልዩ ዘዴ ስለሚበታትን፣ ይህን አስቀድሞ ለፕሮጀክተሩ የሚያስታውቀው በቁጥጥር መስመሩ ነው። ስለዚህ 4ኬ በ30 ኸርዝ ያለ አንዳች ብልጭታ እያለፈ በ60 ኸርዝ ጨለማ ብቻ ቢታይ፣ ከጥንዶቹ በፊት የቁጥጥር መስመሩን መፈተሽ ይገባል። ለዚህ ላፕቶፕ በቂ ነው። የኢዲአይዲ መረጃ በ128 ባይት ክፍሎች የተደራጀ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ክፍል ባይቶች ድምር ለ256 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። መረጃውን በረጅሙ ገመድ አሥር ጊዜ አንብቦ ድምሩን ማረጋገጥና በአጭሩ ገመድ ከተነበበው ጋር ማነጻጸር፣ በግምት ከመከራከር የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። ላፕቶፑ ያልተጠበቀ ምስል ሊልክ መቻሉም ሌላ ጥቅም ነው፤ የራሱ ዴስክቶፕ ሳይቋረጥ እየታየ ፊልም ብቻ የሚጠቁር ከሆነ ኤችዲሲፒ ይጠረጠራል።

መፍትሔው ምርመራውን ይከተላል። ጥንዶቹ ከተዳከሙ ወፍራም መዳብ ጥቂት ሜትሮች ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ሲግናሉን የሚያስተካክል አክቲቭ ገመድ ወይም የፋይበር ገመድ ያስፈልጋል። በወርቅ የተለበጠ ኮኔክተር ዝገትን ይከላከል እንደሆነ እንጂ የ15 ሜትርን ብክነት አይመልስም። በፋይበር ላይ እምነትን ሁሉ መጣልም አያዋጣም፦ በብዙ የፋይበር ገመዶች ወደ ብርሃን የሚለወጡት ፈጣኖቹ ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ የቁጥጥሩና የ5 ቮልቱ መስመሮች እስከ መጨረሻው መዳብ ሆነው ይቀራሉ። ችግሩ በእነዚህ ላይ የነበረ ቤት ውድ ገመድ ገዝቶ ያንኑ ጨለማ ሊያይ ይችላል። ለቮልቴጅ ጉድለት ከውጭ 5 ቮልት የሚቀበል ገመድ፣ ለቁጥጥር መስመር ደግሞ ምቱን የሚያድስ ማራዘሚያ ይመረጣል። በኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር የሚደርሰው ኤችዲቤዝቲ አማራጭ ቢሆንም፣ የቀድሞዎቹ ትውልዶቹ አቅም በሰከንድ 10.2 ጊጋቢት በመሆኑ ሙሉ ቀለም ያለውን 4ኬ በ60 ኸርዝ ሳይጨምቁ አያስተላልፉም።

አዲስ ገመድ ሲዘረጋ ከልስኑ በፊት ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ ማስገባትና በውስጡ መጎተቻ ሲባጎ መተው ይበጃል። አክቲቭና የፋይበር ገመዶች አቅጣጫ አላቸው፤ «ምንጭ» የሚለው ጫፍ ወደ ማጫወቻው ካልሆነ ፈጽሞ አይሠሩም። ስለሆነም ገመዱ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ በሚያገለግልበት ከፍተኛ ጥራትና ከራሱ ማጫወቻ ጋር አንድ ሙሉ ፊልም ያህል መሞከር ይኖርበታል።